መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አልበራ ሲል

መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ስለሚል መጀመሪያ የሚመታው ፓወር ሳፕላዩ (ከግድግዳ የመጣውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለው ሣጥን) ነው። ያም ሆኖ ሳይለኩ አዲስ መግዛት ተገቢ አይደለም፤ ብልሽቱ የላላ ራም (ጊዜያዊ የማስታወሻ ካርድ) ወይም የተበላሸ ቁልፍ ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ጀምረው ይከተሉት፣ የቆመበት ቦታ ላይ ችግሩን ያገኙታል።

ማከፋፈያውን፣ ስታብላይዘሩንና ዩፒኤሱን ለጊዜው ትተው ኮምፒውተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩት። ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር ይፈትሹ። ገመዱንም በሞኒተሩ ገመድ ቀይረው ይሞክሩ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። አሮጌ ፓወር ሳፕላይ ከሆነ ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አለው። የእኛ መስመር 220 ቮልት ስለሆነ 230 ላይ መሆን አለበት፤ 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል።

ቀጥሎ ገመዱን ነቅለው የማብሪያ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። ፓወር ሳፕላዩ ራሱን ለመከላከል ተቆልፎ ከሆነ የቀረው ኤሌክትሪክ ሲወጣለት ይለቃል። መልሰው ሲሰኩት ቢበራ ሌላ ምንም መንካት አያስፈልግም።

እምቢ ካለ ኬዙን ይክፈቱ። ከፊት ቁልፉ ወደ ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ ወደሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነቅለው፣ የተሰኩባቸውን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለአንድ ሰከንድ ያገናኟቸው። ከተነሳ የተበላሸው ቁልፉ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፓወር ሳፕላዩ። ከግድግዳው ነቅለው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ባለ 24 ፒን ማያያዣና ሌሎቹንም ማያያዣዎች በሙሉ ያውጡ። ከ24ቱ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በወረቀት ክሊፕ ያገናኙና የኤሌክትሪክ ገመዱን መልሰው ግድግዳው ላይ ይሰኩ። ፋኑ ካልዞረና ቮልት ካልወጣ ፓወር ሳፕላዩ አልቆለታል። ፋኑ ቢዞርም ግን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፣ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ከጥቁሩ ጋር ይለኩት፦ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 ቮልት መስጠት አለበት። ሐምራዊው ክሊፑ ባይኖርም 5 ቮልት ይሰጣል። የፒኖቹ ቁጥር ከ24 የተለየ የፋብሪካ ዴስክቶፕ ላይ ይህን አይሞክሩ፣ አሰላለፉ ሌላ ነው። የፓወር ሳፕላዩን ሣጥን ደግሞ በፍጹም አይክፈቱ፤ ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ሰው ይገድላል።

ልኬቱ ደህና ከሆነ ማያያዣዎቹን ይመልሱ፤ ግራፊክስ ካርዱን፣ ዲስኮቹንና በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ ግን ያውጡ። ፕሮሰሰርና አንድ ራም ብቻ ይቅር። ሲያበሩት ፋኑ አንዴ ሽው ብሎ የሚቆም የነበረው አሁን ከሠራ፣ ካወጧቸው አንዱ ሾርት አድርጓል። ገመዱን እየነቀሉ አንድ በአንድ ይመልሷቸው።

ፋኑ ይዞራል፣ ምስል ግን የለም? መጀመሪያ ራሙን ይጠርጥሩ። አውጥተው በወርቃማ ጥርሶቹ ላይ ይመልከቱ፦ የደበዘዘ ወይም ጥቁር ቅባት የመሰለ ነገር ካለ በነጭ የእርሳስ ላጲስ በስሱ አሽተው ፍርፋሪውን በንጹሕ ብሩሽ ያራግፉ። ሲመልሱት በሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» እስኪል ይጫኑት። ምንም ራም ሳይኖር ሲበራ የማዘርቦርዱ ትንሽ ስፒከር ቢፕ ካለ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ በሕይወት አሉ ማለት ነው፣ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪም ይለኩ፤ 3 ቮልት ገደማ መሆን ሲገባት ከ2.7 በታች ከወረደች ይቀይሯት።

በርቶ ከደቂቃዎች በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሙቀት ነው፦ የፕሮሰሰሩን ፋን አቧራ ያጽዱ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጠርገው የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብታ ያድርጉ። ማዘርቦርዱ ላይ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ካዩ ግን ለባለሙያ ይስጡት፣ ማጽዳት አይረዳውም።

ከተስተካከለ በኋላ መብራት በሄደ ቁጥር ገመዱን ይንቀሉ፤ ከተመለሰም አምስት ደቂቃ ያህል ሳይረጋጋ አይሰኩት።