ሲሳብ የሚሰፋ ማያያዣ፦ ነዳፊዎች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

ላስቲክ ሲሳብ ይቀጥናል። ኦክሴቲክ የሚባለው ቅርጽ ግን ሲሳብ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ሲገፋ ይጠብባል። ተመራማሪው ሮድሪክ ሌክስ እ.ኤ.አ. በ1987 ይህን ጠባይ በፎም ላይ ካሳየ ወዲህ ብዙ ተሠርቶበታል። ታጥፎ ተጉዞ ቦታው ሲደርስ ለሚዘረጋ፣ ሲመታም ምቱን ለሚውጥ መዋቅር ጥሩ ማያያዣ ይወጣዋል፤ በሚከተሉት ካልተበላሸ።

የላላ ግጥምጥም። ቱቦ ውስጥ የሚገባ መሰኪያ እንውሰድ። ሲገፋ ስለሚጠብ በቀላሉ ይገባል፤ ሲጎተት ሰፍቶ የቱቦውን ግድግዳ ይነክሳል። «ራሱ ይሰፋ የለ?» ተብሎ ታዲያ ክፍተት ይተውለታል። መሰኪያው 20 ሚሊሜትር፣ ክፍተቱ በዲያሜትር 0.5 ሚሊሜትር ከሆነ፣ የፖይሰን ሬሾው -1 የሆነ፣ ማለትም በተሳበበት መቶኛ ልክ ወደ ጎን የሚሰፋ ቅርጽ ግድግዳውን ለመንካት ብቻ 2.5 በመቶ መለጠጥ አለበት። ሳይነካ ደግሞ ሰበቃ የለም፤ ያለ ሰበቃ የሚለጥጠው ኃይል ከየት ይመጣል? ሳይሰፋ ሾልኮ ይወጣል። ከመጀመሪያው ጠበቅ ብሎ ይግባ።

አንዱን ክንድ (የቅርጹን ቀጭን ዘንግ) ሁለት ሥራ ማሠራት። ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። መዘርጋትና መታጠፍ የሚደጋገም ሥራ ስለሆነ ክንዱ ሁልጊዜ ወደ ቀድሞ ቅርጹ መመለስ አለበት። ምት መዋጥ ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል፦ ብረቱ ተጣሞ እንዲቀር። እንደ ስፕሪንግ የሚመለስ ክንድ የዋጠውን ጉልበት መልሶ ይተፋዋል። ሲዘረጋና ሲታጠፍ የተጣመመ ክንድ ደግሞ ምቱ ሲመጣ አቅሙን ጨርሷል፤ ቀጭን ሽቦ ወዲያና ወዲህ ስታጥፉት የሚሰበረው በዚሁ ነው። መዞሩን ለፒን፣ ምቱን ለቅርጹ ቀጫጭን ግድግዳዎች ስጡ። ከተዘረጋ በኋላ የሚቆልፈው ከሌለም ምቱ ግድግዳዎቹን ሳይጨፈልቅ መዋቅሩን መልሶ ያጥፈዋል።

ለብርታት ብሎ ማወፈር። ጎኖቹ ወደ ውስጥ በተሰበሩ የማር እንጀራ ቅርጽ፣ የግድግዳው ውፍረት እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል። ያኔ የመጀመሪያው ምት ሳይለዝብ ወደሚጠበቀው ዕቃ ያልፋል፤ ግድግዳዎቹም ቶሎ ስለሚነካኩ የሚጨፈለቅበት ርቀት ያጥራል።

ጫፉን መርሳት። ከወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ጋር የተበየደ ሴል (የቅርጹ አንዱ ተደጋጋሚ ክፍል) መስፋትም መጥበብም አይችልም። 3 ወይም 4 ሴል ብቻ ባለው ማያያዣ ላይ፣ ብዙ ሴሎች ለተደረደሩበት መዋቅር የተሰላው የ-1 ሬሾ አይገኝም። ከነጫፉ አስሉት፣ ከነጫፉ ሞክሩት።

ማዕዘኖቹን አክብቧቸው፤ ስንጥቅ ከሹሉ ይጀምራል። በስሪዲ ፕሪንተር ከታተመም ንብርብሮቹ በክንዱ ርዝመት ይሂዱ፤ አቋርጠውት ከሄዱ ክንዱ ሲታጠፍ ይላቀቃሉ።