የፒክአፔ ማጣሪያ መብራት እንዴት እንደጠፋ

ማርሚታዋን በሰፊ ቱቦ ካስቀየርኩ በኋላ የትንሿ ናፍጣ ፒክአፔ ድምፅ አማረ። ብዙም ሳይቆይ ግን የጭስ ማጣሪያው መብራት በራ፤ ጉልበቷም ወረደ። ያየ ሁሉ «ማጣሪያውን አውጣና ተገላገል» ይለኛል። አልተዋጠልኝም። ማጣሪያው ጥቀርሻውን የሚያስቀረው ከሰው ሳንባ ነው፤ በብዙ አገርም ማውጣቱ ሕገወጥ ነው።

ደግሞ አዲሱ ቱቦ የተገጠመው ከማጣሪያው በኋላ ነው። እሱ ማጣሪያ አይደፍንም። ስለዚህ ፊቴን ወደ ግፊት ሴንሰሩ አዞርኩ። ሴንሰሩ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን የጭስ ግፊት በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይለካል። ከሥር ገብቼ በባትሪ ሳይ፣ አንደኛዋ አዲሱ ብረት ላይ ተደግፋ ቀልጣለች። ጥፍር የምታህል ቀዳዳ! ንባቡ ስላልጣመው ኮምፒውተሩ ጥቀርሻውን እያቃጠለ ማጣሪያውን ማጽዳት አቁሟል።

ሙቀት የሚችል ቱቦ ገጠምኩ፣ ከብረቱም አርቄ አሰርኩት። ከዚያ በዲያግኖስቲክ ማሽን የብልሽት ኮዱን አጥፍቼ ማጽዳቱን አስጀመርኩ። ጥቀርሻው የሚቃጠለው 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ስለሆነ በዚህ ጊዜ መኪናውን ደረቅ ሣር ላይ እንዳታቆሙ። መብራቱ ጠፋ፣ ጉልበቷም ተመለሰ። የሞተር ዘይት ስትቀይሩ አመዱ አነስተኛ የሆነውን ምረጡ፤ የዘይቱ አመድ ማጣሪያው ውስጥ ይቀራል እንጂ እንደ ጥቀርሻ ተቃጥሎ አይጠፋም።