ጄሰን ልካችሁ 400 ሲመለስላችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ለምሳሌ ያህል ጎንደር ላይ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ እንውሰድ። ለጥምቀት ክፍል የሚፈልግ ሰው በኦንላይን ፎርም ስሙን፣ ስልኩንና የሚገባበትን ቀን ይሞላል። ፎርሙ ያንን በጄሰን (JSON፣ ዳታ በስምና በዋጋ ጥንድ የሚጻፍበት የጽሑፍ ቅርጽ) ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ሦስት መስመር ብቻ ናት፤ የምትበላሽበት መንገድ ግን ብዙ ነው፤ ከተበላሸች ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ 400 (የተሳሳተ ጥያቄ) ወይም ሌላ የኤረር ቁጥር ይመልሳል።

ኮዱ ላይ ከማፍጠጣችሁ በፊት በእርግጥ የተላከውን እዩ። ብራውዘር ላይ ኤፍ 12 ተጫኑ፣ «ኔትወርክ» ግቡ፣ ሪኩዌስቱን (ለሰርቨሩ የተላከውን ጥያቄ) ከፍታችሁ «ፔይሎድ» (የተላከው ይዘት) የሚለውን አንብቡ። በኮዱ ውስጥ ዳታውን የያዘው ኦብጀክትና የተላከው ጽሑፍ ለየቅል ናቸው። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚያ ነው።

415 (የማይታወቅ የይዘት ዓይነት) ይመጣል፣ ወይም ሰርቨሩ «ቦዲው (የተላከው ይዘት) ባዶ ነው» ይላል

የላካችሁት ጄሰን መሆኑን አልነገራችሁትም። ፌች (በጃቫስክሪፕት ሪኩዌስት የሚልከው) ስትሪንግ (ተራ ጽሑፍ) ሲሰጠውና ሄደሩ (ስለ ይዘቱ የሚናገረው ራስጌ) ሳይሞላ ሲቀር ራሱ «ቴክስት ፕሌይን» ብሎ ይልከዋል። ኮንቴንት ታይፕ የሚለውን ሄደር «አፕሊኬሽን ስላሽ ጄሰን» አድርጉት። በፓይተን ሪኩዌስትስ ላይብረሪ የምትሠሩ ከሆነ ዲክሽነሪውን «ዳታ» በሚለው ሳይሆን «ጄሰን» በሚለው ፓራሜትር ስጡ። በ«ዳታ» ከሄደ የሚላከው እንደ ተራ የድረ ገጽ ፎርም ነው።

ፔይሎዱ ላይ «ኦብጀክት ኦብጀክት» ካያችሁ ስትሪንጊፋይ (ኦብጀክቱን ወደ ጄሰን ጽሑፍ የሚቀይረው) ተረስቷል። ቦዲው በጥቅስ ተጀምሮ በጥቅስ ካለቀ፣ መሀሉም በባክስላሽ (\) ከታጨቀ ደግሞ ሁለቴ ተደርጓል፤ አንዱን አንሱ።

400፣ «ጄሰኑ አይነበብም»

እኛ አገር ይሄኛው የራሱ መልክ አለው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ጄሰን በእጅ ከተጻፈ፣ በ«:» ቦታ «፡» ይገባል፣ በኮማው ቦታ «፣» ይገባል። ስክሪን ላይ ሁለቱ ነጥቦች አንድ ይመስላሉ። ለሰርቨሩ ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ከወርድ ኮፒ የተደረገ ጠማማ ጥቅስም እንዲሁ ያበላሻል። የተጠረጠረውን ምልክት አጥፍታችሁ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ድጋሚ ጻፉት።

ስልክ ቁጥሩንም እዩ። ጄሰን በ0 የሚጀምር ባለብዙ አሃዝ ቁጥር አይቀበልም፤ ስለዚህ 09 ብሎ የሚጀምር ስልክ ያለ ጥቅስ ከገባ ሁሉም ነገር ይወድቃል። ኮዱ አስቀድሞ ወደ ቁጥር ከቀየረው ደግሞ ኤረር የለም፣ 0ዋ ብቻ በዝምታ ትጠፋለች። ስልክ ስትሪንግ ነው፤ ማን ይደምረዋል?

ለማንኛውም ጄሰንን ጽሑፍ በመቀጣጠል አትሥሩ። ስሙ ውስጥ አንዲት ጥቅስ ከገባች አለቀ። ኦብጀክት ሥሩና ላይብረሪው ይጻፈው።

በእንግሊዝኛ ስም ይሠራል፣ በአማርኛ ስም ይቆረጣል

ኮንቴንት ሌንግዝን (የቦዲውን መጠን የሚናገረውን ሄደር) በእጃችሁ ሞልታችኋል ማለት ነው። ሄደሩ የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። «ጎንደር» 4 ፊደል ነው፣ በዩቲኤፍ 8 (ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት አሠራር) ግን 12 ባይት ይይዛል። በጃቫስክሪፕት ሌንግዝ ከለካችሁት 4 ይላችኋል። ሰርቨሩ በተነገረው መጠን አንብቦ ያቆማል፣ የመጨረሻው ቅንፍ ሳይደርሰው ይቀራል፣ «ጄሰኑ ሳያልቅ ተቋረጠ» የሚል ኤረር ይመልሳል። ኖድ (ጃቫስክሪፕት ከብራውዘር ውጭ የሚሠራበት) ላይ ባይት ሌንግዝን ተጠቀሙ፤ ከዚያም የሚሻለው ሄደሩን ለላይብረሪው መተው ነው።

ፓይተን አማርኛውን በባክስላሽ፣ በዩ እና በአራት አሃዝ ቀይሮት ብታዩ አትደንግጡ። ትክክለኛ ጄሰን ነው፤ ሰርቨሩ መልሶ ፊደል ያደርገዋል።

ፖስት (ዳታ መላኪያ) ልካችሁ እንደ ጌት (ዳታ መጠየቂያ) ይደርሳል

አድራሻው በ301 ወይም በ302 ወደ ሌላ እየተላለፈ ነው፤ ቦዲው መንገድ ላይ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ኤችቲቲፒኤስ በሚለው ቦታ ኤችቲቲፒ ስለተጻፈ ነው። የመጨረሻውን አድራሻ በቀጥታ ጻፉ።

200 (ተሳክቷል) ይመጣል፣ ቀኑ ግን የማይሆን ነው

ከሁሉ የሚከፋው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ምንም ኤረር የለውም። እንግዳው ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ለማየት ለከተራ፣ ጥር 10 ቀን 2018 ክፍል ያዘ። ፎርሙ «2018-05-10» ብሎ ላከ። ሰርቨሩ ሜይ 10 ቀን 2018 አድርጎ መዘገበው፤ ካለፈ ዓመታት የተቆጠሩለት ቀን። ጳጉሜን ቢሆን ይሻል ነበር፤ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ቢያንስ ይጮሃል። ጄሰን የቀን ዓይነት የለውም፣ የሚያየው ስትሪንግ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሩት፤ መሄድ የነበረበት «2026-01-18» ነው።