ነፋስ የማያነሣው የግቢ ጥላ፦ ለፐርጎላ ዕቃ አመራረጥ

ፐርጎላ ወይም ቋሚ የግቢ ጥላ ሊያሠራ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቋሚው እንጨት ይሁን ወይስ ብረት የሚለውን ነው። በጎንደር፣ በተለይም እንደ ቁስቋምና እንደ ጎሃ ባሉ ከፍታዎች አካባቢ ለሚኖር ሰው፣ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ነፋስ ከሥር ገብቶ ክዳኑን ሽቅብ ሲገፋው ጥላውን መሬት ላይ ይዞ የሚያስቀረው ምንድን ነው የሚለው ነው። ግድግዳ የሌለው ጥላ ዙሪያው ክፍት ስለሆነ ነፋስ ከላይም ከሥርም ያገኘዋል፤ በመሆኑም ዕቃው ሁሉ መመረጥ ያለበት የጣሪያውን ክብደት ለመሸከም ብቻ ሳይሆን ጣሪያው እንዳይነሣ ለመያዝም ጭምር ነው።

ይህንን የተማርሁት በራሴ ግቢ ነው። የመጀመሪያውን ጥላ ያሠራሁት ገና ከተቆረጠ ባህር ዛፍና ከስስ ቆርቆሮ ነበር። ግንቦት ላይ፣ ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም በተነሣ ነፋስ ቆርቆሮው ከነማገሩ ተነሥቶ ጎረቤት አጥር ላይ አረፈ። ሄጄ ስመለከተው ማገሩን ከወራጁ ጋር ያያዙት ሚስማሮች አንዳቸውም አልተሰበሩም፤ ማገሩ ላይ እንደተሰኩ፣ ሳይጣመሙ፣ ከወራጁ ቀጥ ብለው ወጥተዋል። ነገሩን ያዩ አንድ ሽማግሌ አናጺ «ልጄ፣ እርጥብ እንጨት ሚስማር ይቀበላል እንጂ አይዝም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የሚስማሩ ቀዳዳም ይላላል፣ ለስላሳውን ሚስማር የሚያስቀረው ነገር አይኖርም።

የነፋሱን ጉልበት በቁጥር ማየት ለምርጫ ይረዳል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ እንዲያም ሆኖ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 20 ኪሎ ግራም፣ በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰው ደግሞ ወደ 45 ኪሎ ግራም ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ ሦስት በአራት ሜትር የሆነ፣ ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ የተከደነ ጥላ በመጀመሪያው ነፋስ 240፣ በሁለተኛው 540 ኪሎ ግራም ያህል ሽቅብ ሊገፋ ይችላል። ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ግን በዚህ ስፋት ላይ ሁሉ ተሰብስቦ ቢመዘን ከ50 ኪሎ ግራም ብዙም አይዘልም።

ልዩነቱን የሚሞላው መሠረቱ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ወደ 2,400 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ጎንና ጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ሲሞላ 230 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ አራት ቋሚ ያለው ጥላ እንግዲህ 920 ኪሎ ግራም መልሕቅ አለው ማለት ነው። ሲሚንቶ ለመቆጠብ ጉድጓዱን የሚያጠብ ሰው በማይታየው ቦታ ላይ ቆጥቦ በሚታየው ይከስራል። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ጉድጓዱን ከዚህም ጠለቅ አድርጎ ታችኛውን ክፍል ሰፋ ማድረግ ይገባል፤ ዋልካ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ቀጥ ያለውን መሠረት ዙሪያውን ይለቀዋል።

ለቋሚና ለወራጅ ከእንጨት ሁሉ የምመርጠው የሐበሻ ጥድን ነው፤ ምስጥንም መበስበስንም በተፈጥሮው ይቋቋማል። ዛሬ በቀላሉ አይገኝም፣ ቆሞ ያለውንም ማስቆረጥ አልመክርም፤ ሆኖም አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣው የጥድ ቋሚ ለዓመታት የደረቀ ስለሆነ ከአዲስ ጣውላ ይሻላል፣ ውስጡን በመዶሻ እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ ግን አይዘንጋ። ባህር ዛፍ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ክፋቱ ሲደርቅ መጣመሙና መሰንጠቁ ነው። ስለዚህ ልጡ ተልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በጥላ ሥር ለወራት ተደርድሮ የደረቀ፣ ውፍረቱም ከ10 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ይመረጥ፤ ቀዩ ባህር ዛፍ ከነጩ ይልቅ ምስጥን ይቋቋማል። ቀርከሃ ነፋስን ጎንበስ ብሎ ያሳልፋል፣ ነገር ግን ነቀዝ ይወደዋል፤ ለክዳን ርብራብ እንጂ ለቋሚ አልመርጠውም።

የትኛውም እንጨት ቢሆን እግሩ አፈር ውስጥ መቀበር የለበትም። የእንጨቱን ጫፍ አቃጥሎ መቅበር ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት ምስጥን ለጊዜው ያርቃል እንጂ አያስቀረውም። የሚሻለው ወፍራም ብረት ኮንክሪቱ ውስጥ አስቀብሮ፣ እንጨቱን ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በዚያ ብረት ላይ በቡሎን ማሰር ነው።

ብረት የሚመርጥ ሰው ትኩረቱን ውፍረቱ ላይ ያድርግ። ሁለት ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚሸጠው አራት ማዕዘን ቱቦላሬ ሲለካ አንድ ተኩል ሆኖ መገኘቱ ያጋጥማል፤ ቀለም ተቀብቶ ሲቆም ደግሞ በዓይን አይለይም። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) የሌለው ሰው በሚዛን ይለየዋል፦ 60 በ60 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ስድስት ሜትር የሚረዝም ብረት ውፍረቱ በእርግጥ ሁለት ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 22 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 16 ኪሎ ተኩል ከመጣ አንድ ተኩል ነው። ቆርቆሮ ለሚጫንበት ጥላ ከዚህም ከፍ ብሎ 80 በ80፣ ሦስት ሚሊ ሜትር መውሰድ የተሻለ ነው። የቋሚው አናት በላሜራ ይዘጋ፤ ዝናብ ከላይ ገብቶ ውስጥ ለውስጥ ያዝገዋልና። ብየዳው ካለቀ በኋላ ዝገት መከላከያ ቀለም የሚቀባው ብየዳው ላይ ብቻ ሳይሆን ብረቱ ከኮንክሪት በሚወጣበት ቦታም ጭምር ነው፤ የኮንክሪቱ ፊትም ውኃ እንዳይቋጥር ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ይበል።

ድንጋይ በጎንደር ሁልጊዜ አጓጊ ነው፤ የፋሲል ግቢ ግንቦች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በድንጋይና በኖራ ቆመው እያየን ስለ ጥንካሬው መከራከር አያስፈልግም። ጎንና ጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 2.20 ሜትር የሆነ የድንጋይ ዓምድ ብቻውን ወደ 800 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይሁን እንጂ ወራጁ ዓምዱ ላይ የተቀመጠ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ክብደት ለጣሪያው አንዳች አይረዳም። ከመሠረቱ ጀምሮ በዓምዱ መሐል ፌሮ ማሳለፍና ወራጁን ከፌሮው ጋር ማሰር የግድ ነው።

ለመጋጠሚያ ከ12 ሚሊ ሜትር የማያንስ ቡሎን፣ ሰፊ ሮንዴላና ሁለት ዳዶ እጠቀማለሁ፤ ሁለተኛው ዳዶ የመጀመሪያው በንዝረት እንዳይላላ ይይዘዋል። በየማዕዘኑ ከቋሚው ወደ ወራጁ የሚሄድ ሰያፍ ድጋፍ ካልገባ ቋሚው የቱንም ያህል ቢወፍር ጥላው ይወዛወዛል። የሰርግ ዳስ በገመድና በልጥ ታስሮ ነፋስ ሲመጣ እየተወዛወዘ የሚያልፈው ማሠሪያው ስለሚላወስ ነው፤ ያንኑ አሠራር በሚስማር የሚደግም ሰው መላወሱን አጥቶ ጥንካሬውን አላገኘም።

ክዳኑን በተመለከተ፣ ፀሐይን ብቻ መከላከል ለሚፈልግ ሰው ክፍተት ያለው የእንጨት ርብራብ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ነፋሱ በመሐል ያልፋል። ቡገንቪላ ቢያለብሱት ያምራል፣ ነገር ግን ቅጠሉ ሲደራ ነፋስ ይይዛል፣ በዝናብም ይከብዳል፤ ከክረምት በፊት መግረዝ ያሻል። ቆርቆሮ የግድ ከሆነ የጌጅ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውፍረቱ እንደሚጨምር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ 32 ጌጅ ለክፍት ጥላ ይሳሳል፣ 28 ይሻላል። ነፋስ አብዝቶ የሚያነሣው ጠርዙንና ማዕዘኑን ስለሆነ በዚያ በኩል ላስቲክ ያለው ብሎን ተቀራርቦ ይመታ፣ ጣሪያው ከወራጁ የሚወጣውም ከ30 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ሸራ ግን የመርከብ ሸራ ከሚሠራው የተለየ ነገር አይሠራም፤ ሲፈለግ የሚወጠር፣ ሰማዩ ሲጠቁር የሚወርድ መሆን አለበት።

የእንጨት ጥላ በመጀመሪያው በጋ ስለሚኮማተር ቡሎኖቹ ይላላሉ። ሚያዝያ ላይ፣ የግንቦት ነፋስ ሳይደርስ፣ አንድ በአንድ መጥበቅ አለባቸው፤ ለ12 ሚሊ ሜትሩ ቡሎን 19 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል።