የሮም የብር ሳንቲም ላይ ያለን ምስል እንዴት ማንበብ ይቻላል?

በወንጌል፣ ስለ ግብር ሲጠየቅ፣ መልኩና ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ክርስቶስ መልሶ የጠየቀበት ዲናር የሮም የብር ሳንቲም ነው። እኛም ንባቡን ከዚያው ጥያቄ እንጀምር።

መጀመሪያ ሳንቲሙን በጠርዙ ያዙና ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አድርጉ። ያኔ ያረጀው ምስል እንኳ ብቅ ይላል። ጥቁረቱን ላስለቅቅ ብላችሁ ግን እንዳትፈትጉት፤ ምስሉም አብሮ ይሄዳል።

ቀጥሎ መልኩን እዩ። የራስ ቁር ያጠለቀች ሴት ከሆነች ብዙ ጊዜ ሮማ ናት፤ ከተማዋ ራሷ በአምላክ አምሳል። ዲናር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 አካባቢ ሲጀመር ፊቱ ላይ የነበረችው እሷ ናት። የቅጠል አክሊል የደፋ ወንድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቄሳር ወይም ከእሱ በኋላ የነገሠ ነው። ሮም ውስጥ በሕይወት እያለ መልኩ ሳንቲም ላይ የወጣ የመጀመሪያው ሰው ዩልየስ ቄሳር ነው፣ በ44 ከክርስቶስ ልደት በፊት። በዚያው ዓመት ተገደለ።

ዙሪያው ላይ ባለው ጽሑፍ ብዙ አትድከሙ። ቃላቱ የተቆራረጡ ናቸው፤ ስሙን ካገኛችሁ ይበቃል።

አሁን ገልብጡት። ወሬው ያለው እዚህ ነው። ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ ቀሚስ የለበሰች ሴት ትቆማለች። ሁሉም ስለሚመሳሰሉ ፊቷን ተዉትና እጇን እዩ። ሚዛን የያዘችው ፍትሐዊነት፣ የወይራ ዝንጣፊ የያዘችው ሰላም፣ የመርከብ መሪ የያዘችው ዕድል ናት። ክንፍ ያላት ድል ናት። እንስሳ ካለ አገር ሊሆን ይችላል፤ አውግስጦስ ግብፅን ሲይዝ አዞ አስቀርጾ «ግብፅ ተማረከች» ብሎ አስጽፎበታል።

ይህን ከያዛችሁ ከቄሳር ገዳዮች አንዱ የሆነው ብሩተስ ባስመታው ዲናር ራሳችሁን ፈትኑ፤ ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ42 አካባቢ የተመታ ነው። ጀርባው ላይ ሁለት ጩቤዎች አሉ፣ በመካከላቸው ደግሞ ባሪያ ነፃ ሲወጣ የሚደፋት ቆብ። ከሥር ያለው ጽሑፍ ቄሳር የተገደለበት ቀን ነው፣ ማርች 15። ጩቤ፣ ቆብ፣ ቀን፦ «በዚህ ቀን ገድለን ነፃ አወጣናችሁ» ማለቱ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ግን የብሩተስ የራሱ መልክ ነው፤ ቄሳር የጀመረውን ያንኑ ነገር! ዋናው ሳንቲም በጣም ብርቅ ስለሆነ፣ በርካሽ ልሽጥላችሁ የሚል ከመጣ ቅጂ ነው ብላችሁ እለፉት።