ኮንቴይነሩ ሞጆ ደርሶ ወረቀቱ ሲይዘው

ኮንቴይነራችሁ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቶ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ሲቆጥርባችሁ መጀመሪያ ኮሜርሻል ኢንቮይሱን፣ ማለትም ሻጩ የዕቃውን ዝርዝርና ዋጋ የጻፈበትን ሰነድ፣ አውጥታችሁ እዩ። ብዙውን ጊዜ ጣጣው የሚጀምረው ከእሱ ነው።

ችግር፦ ባንኩ «ሰነዱ ዲስክሬፓንሲ (አለመጣጣም) አለበት» አለ።

ምክንያት፦ ኤልሲው (ባንኩ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የተከፈተው በፕሮፎርማው (ሻጩ አስቀድሞ በላከው የዋጋ ማቅረቢያ) ነው። ሻጩ ግን ዕቃውን ሲልክ የዕቃውን መግለጫ በራሱ አባባል አሳጥሮ ጻፈው። ኤልሲው «የውሃ ፓምፕ» እያለ ኢንቮይሱ «ማሽነሪ» ካለ ባንኩ አይቀበልም። ባንኮች የሚመሩበት የኤልሲ ዓለም አቀፍ ደንብ፣ ዩሲፒ 600፣ በአንቀጽ 18 ሁለቱ መግለጫዎች እንዲጣጣሙ ያዛል።

መፍትሄ፦ ሻጩ የታረመ ኢንቮይስ ይላክ። ኤልሲው ሌላ ቀን ካልወሰነ ሰነዱ የሚቀርበው ዕቃው በተጫነ በ21 ቀን ውስጥ፣ ኤልሲው ሳያበቃ ነው። ባንኩ «ጉድለቱን ትቀበላላችሁ?» ብሎ ሊጠይቃችሁም ይችላል። በችኮላ እሺ አትበሉ። ያው ወረቀት ነገ ጉምሩክ ፊት ይቀርባል፤ የባንኩ እሺታ እዚያ አይሠራም።

ችግር፦ ጉምሩክ ዋጋውን ከፍ አደረገው።

ምክንያት፦ «ስፔር ፓርት፣ 1 ካርቶን» የሚል ኢንቮይስ ለመርማሪው ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ከሌላ አስመጪ ዕቃ ጋር ያነጻጽረዋል። ሌላው ምክንያት ኤፍኦቢ ዋጋ (መድንና የመርከብ ማጓጓዣ የሌለበት) ነው። ቀረጥ የሚሰላው መድንና ማጓጓዣ ተደምሮ ስለሆነ፣ የእነዚህ ማስረጃ ከሌለ ጥያቄ ይነሳል።

መፍትሄ፦ የክፍያ ስዊፍቱን (ባንኩ ገንዘቡን ለሻጩ ያስተላለፈበትን ማስረጃ)፣ ውሉንና የማጓጓዣ ደረሰኙን ይዛችሁ በጽሑፍ ቅሬታ አቅርቡ። ለሚቀጥለው ጭነት ማርካው፣ ሞዴሉ፣ ብዛቱና የአንዱ ዋጋ በየመስመሩ ይጻፍ። ሻጩ «ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ልጻፍላችሁ» ካለ እምቢ በሉት። ቅጣቱ የሚወድቀው እናንተ ላይ ነው፤ እውነተኛው ዋጋችሁም ከዚያ በኋላ አይታመንም።

ችግር፦ የኤችኤስ ኮዱ (የዕቃው የታሪፍ መለያ ቁጥር) ውድቅ ሆነ።

በዓለም ሁሉ የጋራ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች ብቻ ናቸው። ከዚያ ያለውን እያንዳንዱ አገር በራሱ ይጨምራል። የቻይናውን ኮድ እንዳለ አትገልብጡ። ሳታዝዙ በፊት ትራንዚተራችሁ (ጉምሩክ የሚያስፈጽምላችሁ ባለሙያ) ከኢትዮጵያ ታሪፍ መጽሐፍ ላይ ያጣራላችሁ።

ችግር፦ ኢንቮይሱ ላይ ያለው ክብደት ወይም የጥቅል ብዛት ከፓኪንግ ሊስቱ (የጥቅሎቹ ዝርዝር) እና ከቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ጋር አልገጠመም።

ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ሊፈተሽ ይችላል። ፓኪንግ ሊስቱን ሻጩ ራሱ ያርመዋል። ቢል ኦፍ ሎዲንጉን ግን የሚያርመው የመርከብ ድርጅቱ ነው፤ ቀን ይፈጃል፣ ያስከፍላልም። ስለዚህ ሻጩ የኢንቮይሱን፣ የፓኪንግ ሊስቱንና የቢል ኦፍ ሎዲንጉን ረቂቅ መርከቡ ሳይነሳ በቴሌግራም ይላክላችሁ። ከትራንዚተራችሁ ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያዩት።