ለዓሣ አርቢ አርሶ አደር የኤክስቴንሽን ድጋፍ እንዴት ይሰጣል?

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የበቆሎ ማሳን ከመንገድ ሆኖ አይቶ ምክር ሊሰጥ ይችላል፤ የዓሣ ኩሬ ግን ችግሩን ውኃው ውስጥ ስለሚደብቅ፣ ድጋፉ ከአዳራሽ ሥልጠና ይልቅ በኩሬው ዳር ቢሰጥ ይመረጣል።

በመጀመሪያ፣ ኩሬው ሳይቆፈር ቦታውን ከአርሶ አደሩ ጋር ይመልከቱ። አፈሩን አርጥበው ያድበልብሉና ወደ ላይ ወርውረው ይቅለቡት፤ ካልተፈረካከሰ ሸክላነት ስላለው ውኃ ይይዛል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለው ዓሣ በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ባለው ውኃ ስለሆነ፣ በደጋ አካባቢ ቅዝቃዜ የሚችለውን ካርፕ የተባለ ዓሣ መምከር ይሻላል።

ቀጥሎ የዓሣ ጫጩቶቹን ከታመነ ምንጭ፣ ለምሳሌ በሰበታ ከሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከል፣ የሚያገኙበትን መንገድ ያመቻቹ። ሲደርሱም የመጡበት ፌስታል ሳይፈታ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኩሬው ላይ ይንሳፈፍ።

ከሁሉም የሚበልጠው ጉብኝት ማለዳ ጎሕ ሲቀድ የሚደረገው ነው፤ ባለሙያዎች ግን ብዙውን ጊዜ ረፋድ ላይ ስለሚደርሱ ያመልጣቸዋል። ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ደቃቅ ዕፅዋት ቀን ኦክስጅን ቢሰጡም ሌሊት መልሰው ስለሚጠቀሙበት፣ እጥረቱ የሚከፋው ሊነጋጋ ሲል ነው። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ሲያለከልኩ ከታዩ፣ ወደ ኩሬው የሚጨመረው ፍግና መኖ ወዲያውኑ ይቁም፣ ንጹሕ ውኃም ይጨመር። ለመከላከል ነጭ ክዳን በሴንቲ ሜትር ምልክት በተደረገበት እንጨት ጫፍ ላይ በምስማር መትቶ ወደ ውኃው ማስገባት ይጠቅማል፤ 25 ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ ከተሰወረና ውኃውም አረንጓዴ ከሆነ፣ ፍጉ በዝቷል ማለት ነው።

መኖውን በግምት እንዳይሰጡ በየወሩ 30 ያህል ዓሣዎችን በመረብ አውጥታችሁ አብራችሁ መዝኑ። በ200 ካሬ ሜትር ኩሬ 400 ዓሣዎች ቢኖሩና አማካይ ክብደታቸው 50 ግራም ቢሆን፣ ጠቅላላው 20 ኪሎ ግራም ነው፤ የዚህ 3 በመቶ፣ ማለትም 600 ግራም ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ድብልቅ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጣል። ስሌቱን አርሶ አደሩ ራሱ በደብተሩ ይሥራው እንጂ እርስዎ አይሥሩለት።

የገበያ ምክርም የድጋፉ አካል ነው። የዓሣ ፈላጊ በዐቢይ ጾም ስለሚበዛ፣ በሞቃት አካባቢ ከስድስት እስከ ስምንት ወር የሚፈጀውን ዕድገት ወደ ኋላ ቆጥረው ጫጩቶቹ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ እንዲገቡ ያቅዱ። ኩሬው በሚጠነፈፍበት ቀን ደግሞ ሊጀምሩ የሚያስቡ ጎረቤቶችን ይጥሩ፤ ምርቱንም ደብተሩንም ጎን ለጎን አይተው የልባቸውን ይጠይቁ።